ቁጣዬ ከልጅነቴ የመጣ ይሆን?

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት ሰው ነኝ። ባለቤቴ ትንሽ ነገር ስትጠይቀኝ የናቀችኝ ይመስለኝና እጮኻለሁ፤ ሰሞኑን ዕቃ ወርውሬ ሰበርኩ። ያደግሁት በዱላና በስድብ ነው። ቁጣዬ ከዚያ የመጣ ይሆን?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል። ዱላና ስድብ የበዛበት ልጅ «ሰው ካመንኩት ይጎዳኛል»፣ «እኔ አልረባም» የሚል እምነት ይዞ ሊያድግ ይችላል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጄፍሪ ያንግ እንዲህ ያለውን ሥር የሰደደ አስተሳሰብ ስኪማ ይለዋል፤ 18 ዓይነትም ዘርዝሯል። ከጠበኝነት ጋር ከሚነሡት መካከል ሰውን አለማመን፣ ደንብ እኔን አይመለከትም ማለትና ራስን መግዛት አለመቻል ይገኛሉ። የኋለኞቹ ሁለቱ ገደብ ሳይበጅላቸው ተቀማጥለው ባደጉ ሰዎችም ይታያሉ።

ልጅ ሳሉ የተቆጣን ሰው ፊት አይቶ ዱላውን ቀድሞ ማወቅ ያድንዎት ነበር። ዛሬ ባለቤትዎ «ለምን ዘገየህ?» ሲሉዎት ያው ልማድ ጥያቄውን ትቶ የድሮውን ስድብ ያሰማዎታል። መጀመሪያ የሚመጣው ብዙ ጊዜ እፍረት ወይም ፍርሃት ነው፤ ቁጣው እሱን ሊሸፍን ይከተላል። ተደብድቦ ያደገ ሁሉ ጠበኛ አይሆንም፤ የሚታከመውም በልጅነቱ ዱላና በዛሬው ቁጣ መካከል ያለው አስተሳሰብ ነው።

መንጋጋዎ ሲጠብቅ ወይም ልብዎ በኃይል ሲመታ «ተናድጃለሁ፤ ከ30 ደቂቃ በኋላ እንነጋገር» ብለው ይውጡ። የመመለሻ ሰዓት ሳይናገሩ መውጣት ሌላውን ሰው ያስቆጣል። ወጥተው ስድቡን እያመላለሱ ካሰቡት ደግሞ ሰውነትዎ አይረጋጋም፤ ይልቁንም 4 ሰከንድ አየር ወደ ውስጥ፣ 6 ሰከንድ ወደ ውጭ እያሉ ለ5 ደቂቃ ይተንፍሱ። ትራስ መደብደብ ቁጣን አያበርድም፤ እንዲያውም ያቆየዋል።

በዚያው ቀን ማስታወሻ ይያዙ፦ ምን ተባለ? ምን ማለታቸው መሰለኝ? ምን ተሰማኝ? ሌላ ምን ማለት ሊሆን ይችላል? ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ነው። «ናቀችኝ» የእርስዎ ትርጉም ነው፤ የተባለው «ለምን ዘገየህ?» ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት ሲጽፉ አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር እየተደጋገመ ያገኙታል። እሱን ይዘው ወደ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት (የሥነ ልቦና ሕክምና ባለሙያ) ይሂዱ። በስኪማ ላይ የሚሠራ ሕክምና ብዙ ጊዜ ዓመትና ከዚያ በላይ ስለሚፈጅ በአራተኛው ቀጠሮ ተስፋ ቆርጠው አይተዉት። እንቅልፍ ማጣት፣ አልኮል፣ ድብርትና የታይሮይድ (የአንገት እጢ) ሆርሞን መብዛትም ቁጣን ስለሚያባብሱ ሐኪም ይመርምርዎ።

ሰው ከመቱ ወይም ቤተሰብዎ እርስዎን መፍራት ከጀመረ ግን ማስታወሻውን አይጠብቁ። ለጊዜው ሌላ ቦታ ይደሩ፤ የጦር መሣሪያ ካለ ከቤት ይውጣ፤ በዚያው ሳምንት ሕክምና ይጀምሩ።