ናሱ ለምን አልከፈት አለ? ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጡ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው

እሺ ጀመርን። ዛሬ የምመልሰው ኮምፒውተራችሁና ናሱ ስለማይግባቡበት ነገር ብቻ ነው፣ ናስ ማለት ያው በኔትወርክ ገመድ ራውተሩ ላይ ተሰክቶ ቢሮው በሙሉ ፋይል የሚያስቀምጥበት የሃርድ ዲስክ ሳጥን ነው። ዋጋና የት ይገኛል የሚለውን አትጠይቁኝ፣ ድለላ ውስጥ የለሁም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ፒያሳ ፎቶ ቤት አለኝ፣ ዊንዶውስ 11 አፕዴት ካረገ ወዲህ ናሱ ላይ ያለው ፎልደር አልከፈት አለኝ፣ ድሮ እኮ ፓስወርድ እንኳን አይጠይቅም ነበር። አንድ ልጅ ኤስኤምቢ 1 የሚባለውን አብራው ብሎኛል፣ ላብራው?

መልስ፦ እንዳታበራው፣ ኤስኤምቢ 1 ኮምፒውተርና ናስ ፋይል የሚለዋወጡበት የድሮ ቋንቋ ነው። አብሽር ደሞ፣ እቃህ አልተበላሸም። ፓስወርድ አይጠይቅም ነበር ያልካት ነገር ነች ሁሉን የምትናገረው፣ ናስህ እስከዛሬ በእንግድነት ነበር የሚያስገባህ ማለት ነው። በፈረንጆቹ 2024 የወጣው 24ኤች2 የሚባለው አፕዴት ዊንዶውስ 11 ፕሮ ላይ በእንግድነት መግባትን ዘጋው፣ በዛ ላይ ግንኙነቱ ፊርማ ይኑረው ይላል፣ እንግዳ ደሞ ፓስወርድ ስለሌለው በምን ይፈርማል? ስለዚህ ናሱ ሴቲንግ ውስጥ ግባና ፓስወርድ ያለው ዩዘር ፍጠር፣ ለዛ ፎልደር የማንበብና የመጻፍ ፈቃድ ስጠው፣ በሱ ግባ፣ አለቀ። ኤስኤምቢ 1ን ማብራት ይሄን ጭራሽ አይፈታውም። በ2017 (በኛ ግንቦት 2009) ዋናክራይ የሚባለው ቫይረስ የዓለምን ኮምፒውተር እየቆለፈ ገንዘብ ሲጠይቅ የገባው በዚችው በር ነው። ናስህ አሮጌ ሆኖ ከኤስኤምቢ 1 ውጪ አላውቅም ካለ መጀመሪያ የናሱን ሶፍትዌር አፕዴት አርገው፣ እሱም ካልሆነ የደንበኛ ሰርግ ፎቶ የሚቀመጥበት እቃ አይደለም።

ጥያቄ፦ እኔው ነኝ፣ ዩዘሩን ፈጠርኩ፣ አሁን ደሞ ፓስወርዱ ስህተት ነው እያለኝ ነው፣ ወላሂ ትክክለኛውን ነው ያስገባሁት።

መልስ፦ ኮምፒውተሩን ስትከፍት የምታስገባትን አራት ቁጥር ፒን አስገብተህ እንዳይሆን፣ እሷ ለኮምፒውተሩ ብቻ ነች፣ ናሱ አያውቃትም። ካልሆነ ዊንዶውስ ፓስወርድ የሚያስቀምጥበት ክሬደንሻል ማናጀር ውስጥ ግባና የናሱን የድሮ መዝገብ አጥፋው፣ ዊንዶውስ ሳይነግርህ አሮጌውን እየላከ ነው። 1219 የሚል ቁጥር ካመጣብህ ደግሞ ባንድ ናስ ላይ በሁለት ዩዘር ስም ልትገባ ሞክረሃል ማለት ነው፣ ዊንዶውስ እሱን አይፈቅድም፣ የተከፈተውን ዘግተህ ሪስታርት አርግና በአንዱ ብቻ ግባ።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ኮምቦልቻ ሂሳብ ቢሮ ነው የምሰራው። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ድራይቩ ላይ ቀይ ኤክስ ይመጣል፣ ኔትወርክ የሚለው ውስጥም ናሱ አይታይም።

መልስ፦ እህቴ፣ መታየትና መከፈት ይለያያል፣ ዝርዝሩ ውስጥ ሳይታይ በደንብ የሚከፈት ናስ ሞልቷል። ፋይል የምትከፍቺበት መስኮት ላይ አድራሻው ጋ \\192.168.1.50 ብለሽ ጻፊ፣ ቁጥሩን በራስሽ ናስ ቁጥር ቀይሪው። መብራት ሲመጣ ራውተሩም ናሱም አብረው ስለሚነሱ ራውተሩ ሌላ ቁጥር ሊሰጠው ይችላል፣ ድራይቭሽ ደግሞ የድሮውን ቁጥር እያንኳኳ ነው። ራውተሩ ላይ ለናሱ አንድ ቁጥር ቋሚ አርገሽ ያዢለት። ሌላው፣ ዋይፋይ ለማስፋት ተብሎ ሁለተኛ ራውተር ከተገዛና ናሱ እሱ ላይ ከተሰካ፣ መጀመሪያው ላይ ያሉት ኮምፒውተሮች አያገኙትም፣ ሁሉንም ባንዱ ራውተር ስር አድርጉ። ዩፒኤስ ደሞ ይገዛ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው ሳጥን ማለት ነው፣ ከናሱ ጋር በዩኤስቢ የሚገናኘውን አይነት ቢሆን ባትሪው ሊያልቅ ሲል ናሱ ራሱን በሰላም ይዘጋል። እየጻፈ እያለ መብራት የሚሄድበት ዲስክ ዕድሜ የለውም።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ናሱም ይቆማል?

መልስ፦ አይቆምም፣ ራውተሩ እስከበራ ድረስ የውስጥ መስመር ነው።

ጥያቄ፦ ሰኞ ገበያ አካባቢ ሕትመት ቤት አለን፣ ትልልቅ ፋይል ሲቀዳ በሴኮንድ 11 ሜጋባይት ላይ ቆሞ ይቀራል፣ ናሱ ጊጋቢት ነው ብለው ነበር የሸጡልን።

መልስ፦ ቁጥሯ ራሷ ምርመራ ነች። 11 እና 12 ሜጋባይት አካባቢ ማለት መስመሩ በ100 ሜጋቢት እየሄደ ነው፣ ስምንት ቢት አንድ ባይት ነውና፣ ጊጋቢት ቢሆን ኖሮ ወደ 110 ትጠጋ ነበር። 100 ሜጋቢት ከገመዱ ስምንት ሽቦ አራቱን ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ጊጋቢት ስምንቱንም ይፈልጋል። እኛ አገር ደሞ ገመድ ለመቆጠብ አንዱን ኬብል ሰንጥቆ ለሁለት ኮምፒውተር ማካፈል ጥበብ ተደርጎ ይቆጠራል፣ በሱ ጊጋቢት አይታሰብም። የገመዱን ጫፍ በደንብ አስመቱት፣ ገመዶቹ የሚሰበሰቡበት ሳጥን፣ ስዊቹም፣ የ100 እንዳይሆን እዩ።

ጥያቄ፦ መንግሥት መሥሪያ ቤት ነው ያለሁት፣ አንዳንድ ፋይል ወደ ናሱ ስገለብጥ ስሙ ረጅም ነው ይለኛል፣ እዚሁ ኮምፒውተሬ ላይ ግን በሰላም ተቀምጧል። የእንግሊዝኛ ስም ያላቸው ያልፋሉ፣ አማርኛዎቹ ናቸው የሚቀሩት። ናሱ አማርኛ አይችልም እንዴ?

መልስ፦ ይችላል፣ በጣም የወደድኩት ጥያቄ ነው። ዊንዶውስ የፋይል ስም የሚቆጥረው በፊደል ነው፣ እስከ 255። አብዛኛው ናስ ግን ውስጡ ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሲስተም ነው፣ 255 ይላል እሱም፣ ግን የሚቆጥረው ባይት ነው፣ ፊደሉ የሚይዘውን ቦታ ማለት ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ይበላል፣ የኛ ሀሁ እያንዳንዷ ሦስት፣ አራት ነጥቧም ሦስት። ስለዚህ ለአማርኛ 85 ፊደል ላይ ያልቃል። ፎልደሩ በኢንክሪፕሽን የተቆለፈ ከሆነ ባንዳንድ ናስ ጣሪያው 143 ባይት ነው፣ ወደ 47 ፊደል ማለት ነው። «የ2016 በጀት ዓመት የአራተኛ ሩብ ዓመት የእቅድ አፈጻጸም ሪፖርት የመጨረሻ የተስተካከለ» ብላችሁ የምትሰይሙት ነገር መጨረሻው ላይ .docx ሲጨመርበት እዛ አያልፍም፣ የሪፖርቱን ርዕስ በሙሉ ስም ላይ መጻፍ ይቅር። ዓመቱንና ሩብ ዓመቱን ፎልደር አርጉት፣ ፋይሉ «አፈጻጸም» ብቻ ቢባል ይበቃል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ናሱ ደሴ ሱቃችን ነው ያለው፣ እኔ ኮምቦልቻ ቅርንጫፍ ነኝ፣ ለአንድ ፋይል የሐረጎን ዳገት መውጣትና መውረድ ሰለቸኝ። ራውተሩ ላይ ፖርት 445ን ብከፍተው ካለሁበት ይገባልኛል?

መልስ፦ ይገባልሃል፣ ሌባም አብሮ ይገባል። 445 የፋይል ሼሪንጉ በር ነው፣ ኢንተርኔት ላይ ቀን ከሌት እየዞሩ እሱን ብቻ የሚያንኳኩ ፕሮግራሞች አሉ። ሲሆን ቪፒኤን አስገጥም፣ በኢንተርኔት ውስጥ የሚያልፍ የተቆለፈ የግል መስመር ማለት ነው፣ ብዙ ናስ ራሱ አለው፣ ካልሆነ ራውተሩ ይኖረዋል፣ ከዛ ኮምቦልቻ ቁጭ ብለህ ደሴ ሱቅ ያለህ ያህል ትከፍተዋለህ። ግን ፍጥነቱን የሚወስነው የደሴው ኢንተርኔት የመላኪያ ፍጥነት ነው፣ ለደረሰኝና ለኤክሴል ጥሩ ነው፣ ለቪዲዮ ከሆነ ፍላሽ ይዘህ በሚኒባስ መሄዱ ይቀላል።