መልስ፦ የፕሮግራመሮች ትንሽ አፕ ከየት ትጀመር?

«አራት ኪሎና ፒያሳ አካባቢ ያለን ፕሮግራመሮች ኮድ የምንለጥፍባትና የምንከታተልባት ዌብ አፕ ለመማሪያ ልሰራ ነው፤ ከቻቱ ልጀምር?» ብለሃል። ወንድሜ፣ ቻቱን ለጊዜው ተወው። ከዳታቤዙ ጀምር።

ሦስት ቴብል (ሰንጠረዥ) ይበቃሃል፦ ተጠቃሚ፣ ፖስትና ተከታይ። ተከታይ የሚለው ሁለት ኮለም ብቻ ይኑረው፤ የተከታዩ መለያና ተከታዩ የሚከታተለው ባለ አካውንት መለያ። ሁለቱን አንድ ላይ ፕራይመሪ ኪ (ሊደገም የማይችል መለያ) አድርጋቸው። አለዚያ ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ ሰው ቁልፉን ደጋግሞ ይጫናል፣ አንዱ ተከታይም ሁለት ሆኖ ይቆጠራል።

ፓስወርድ በቢክሪፕት (ለፓስወርድ በተሰራ ስልት) ሃሽ አድርገህ፣ ማለትም ወደ ኋላ ወደማይመለስ ኮድ ቀይረህ አስቀምጥ። እዚህ ላይ የእኛን ፊደል የሚነካ ነገር አለ፦ ቢክሪፕት የሚጠቀመው የመጀመሪያዎቹን 72 ባይት ብቻ ነው፤ በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይረው አሰራር) ደግሞ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ በአማርኛ የተጻፈ ፓስወርድ 24 ፊደል ላይ ይሞላል። ርዝመቱን በፊደል ሳይሆን በባይት ለካ፣ ሲያልፍም ለተጠቃሚው ንገረው።

ትልቁ አደጋ የሚለጠፈው ኮድ ነው። ኤስኬፕ ሳታደርገው፣ ማለትም ብራውዘሩ እንደ ተራ ጽሑፍ ብቻ እንዲያየው ሳትቀይረው ገጹ ላይ ካወጣኸው፣ አንዱ የለጠፈው ስክሪፕት በአንባቢው ሁሉ ብራውዘር ላይ ይሰራል። ፍሬምወርኮች (ዝግጁ የአፕ መስሪያ ማዕቀፎች) በአብዛኛው ይህን በራሳቸው ይከላከላሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ኮዱን በቀለም ለማሳየት ሲባል መከላከያው ሲጠፋ ነው።

ሰዓት በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ይቀመጥ፣ ለእኛ አገር ሲታይ 3 ሰዓት ይጨመርበት። ለፍለጋ ሀ፣ ሐ እና ኀን ወደ አንድ የቀየርክበት ቅጂ በሌላ ኮለም ያዝ፤ ዋናውን ጽሑፍ ግን አትንካው።