ያቃጥለኛል፣ ያሳክከኛል፤ ምን ይሆን? ጥያቄና መልስ

ነርስ ነኝ። የአባላዘር በሽታ ክፍል ውስጥ ብዙ ሠርቻለሁ። አፍራችሁ ያልጠየቃችሁት ካለ አሁን ጠይቁኝ። ስም አያስፈልግም፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ፈሳሽ ወይም ቁስል ካለው ግን ጻፉልኝ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ያለ ኮንዶም ከተገናኘሁ 4 ቀኔ ነው። ስሸና ያቃጥለኛል። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ፓንቴ ላይ ቢጫ መግል አየሁ። ጨብጥ ነው?

መልስ፦ ይመስላል ወንድሜ። ጨብጥ ወንድ ላይ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 7 ቀን ውስጥ ይወጣል። ክላሚዲያ የሚባለው ሌላው የአባላዘር በሽታ ዘግየት ይላል፣ ከ1 እስከ 3 ሳምንት። ሁለቱ አብረው የሚይዙበት ጊዜም ስላለ በግምት አንዱን ብቻ ማከም አይበቃም። ዛሬውኑ ሂድ፤ ለምርመራ የመጀመሪያው ሽንት ስለሚፈለግ ከዚያ በፊት ቢያንስ ለ1 ሰዓት አትሽና። ጓደኛ የተረፈውን ኪኒን ቢሰጥህ እንዳትውጥ። ጨብጥ ድሮ ያድኑት የነበሩ ብዙ መድኃኒቶችን ተላምዷል፤ መግሉ ይደርቅልህና በሽታው ውስጥህ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ባለትዳር ነኝ። በጣም ያሳክከኛል፤ የረጋ ወተት የመሰለ ነጭ ፈሳሽም አለኝ። ባሌ ሌላ ጋ ሄዶ ይሆን? እንቅልፍ አጣሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ተረጋጊ። የነገርሽኝ ፈንገስ ይመስላል፤ እሱ ደግሞ ከአባላዘር በሽታ አይቆጠርም። ወንድ የማታውቅ ልጅም ይይዛታል። ሰሞኑን አንቲባዮቲክ ወስደሻል? እርግዝና ወይም ስኳር አለ? እነዚህ ይቀሰቅሱታል። በዚህ ብቻ ባልሽን አትጠርጥሪው። ፈሳሹ ቀጭን ሆኖ የዓሣ ሽታ ካለው ወይም አረንጓዴ ቢጫ ሆኖ አረፋ ከያዘ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የፈንገስ ክሬም አይነካውም፣ ተመርመሪ። ትሪኮሞናስ የሚባለው በግንኙነት የሚተላለፍ በሽታ ከሆነ ባልሽም አብሮሽ ይታከማል። ደግሞ እባክሽ በሳሙና ወደ ውስጥ አትታጠቢ። አንዲት እናት «ይጸዳል» ብላ በቀን ሦስቴ በሽቶ ሳሙና ስትታጠብ ከርማ ቆዳዋ ተልጦ፣ መቀመጥ አቅቷት መጥታ ነበር። ውስጥሽ ያሉት ጥሩ ባክቴሪያዎች ጠባቂዎችሽ ናቸው፤ በሳሙና አታባሪያቸው።

ጥያቄ፦ ብልቴ ላይ አንድ ቁስል ወጥቶ ነበር። ምንም አያመኝም፤ በራሱ ጠፋ። ልተወው?

መልስ፦ እንዳትተወው! ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። የማያም ቁስል ቂጥኝ ሊሆን ይችላል። ያለ መድኃኒት ከ3 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ይደርቃል፤ ሰውየው ዳንኩ ብሎ ይረሳዋል፣ ባክቴሪያው ግን ሰውነቱ ውስጥ ነው። ቆይቶ መዳፍና ውስጥ እግር ላይ የማያሳክክ ሽፍታ ሊያመጣ፣ ከዓመታት በኋላ ደግሞ ልብና አንጎል ሊነካ ይችላል። በደም ምርመራ ይታወቃል፤ በፔኒሲሊን ይድናል። ውሃ የቋጠሩ፣ የሚያቃጥሉ፣ አንድ ላይ የሚወጡና የሚመላለሱ ከሆኑ ግን ሄርፒስ የሚባለው በቫይረስ የሚመጣ የአባላዘር በሽታ መሆኑ ያመዝናል።

ጥያቄ፦ የብልቴ ጫፍ ዙሪያ የተደረደሩ ጥቃቅን ነጭ ነገሮች አሉ። ለዓመታት እንዲሁ ናቸው፣ አያምሙም።

መልስ፦ እንዳልከው ከሆነ ተፈጥሮ ነው፤ ብዙ ወንድ አለው። አትቧጥጣቸው፣ ምንም አትቀባባቸው።

ጥያቄ፦ ከተገናኘሁ በ10ኛ ቀኔ ኤችአይቪ ተመርምሬ ነጻ ተባልኩ። በቃ?

መልስ፦ ቸኩለሃል። በፈጣኑ ምርመራ 3 ወር ሲሞላህ ድገመው። እስከዚያ በኮንዶም። ይህን ከምታነቡት መካከል ያለ ኮንዶም ከተገናኛችሁ 72 ሰዓት ያልሞላችሁ ካላችሁ ግን አሁኑኑ ጤና ተቋም ሂዱ፤ ለ28 ቀን የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት አለ፣ በቶሎ ሲጀመር ነው የሚሠራው።

ጥያቄ፦ እኔም እሷም ለክላሚዲያ መድኃኒት ጀምረናል። መቼ መገናኘት እንችላለን?

መልስ፦ ሁለታችሁም ስትጨርሱ። አንዴ የሚዋጥ ከሆነ ከዋጣችሁ 7 ቀን ይሙላ። አንዳችሁ ዘግይታችሁ ከጀመራችሁ ደግሞ የሚቆጠረው ከዘገየው ሰው ነው።