ግራር የሚችለውን ሙቀት የጀርመን ዛፍ ለምን አልቻለውም?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጀርመን፣ ሐርዝ ተራራ ሥር ጎስላር ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ስመጣ ተራራው አረንጓዴ ነበር። ዛሬ ወደ ተራራው ጫፍ፣ ወደ ብሮከን ስወጣ የማየው ቆሞ የደረቀ ግራጫ ዛፍ ነው። ጎረቤቶቼ በ2018 የጀመረው ሙቀትና ድርቅ ነው ይላሉ። እኔ ያደግሁት መተሐራ ነው፤ ከዚህ የባሰ ሙቀት አውቃለሁ። ግራሩ ምንም አይሆንም። ደግሞ እዚህ ዝናብ ከጣለ በኋላም ዛፎቹ መሞታቸውን አላቆሙም። ለምን? ደጄ ላይ አንዲት ትንሽ የሊንደን ዛፍ አለች፤ እሷስ ትተርፋለች?

መልስ፦ እህቴ፣ የመተሐራውን ግራር ማንሳትዎ ደስ ብሎኛል።

ዛፍ ውሃን ወደ ላይ የሚያወጣው ስቦ ነው። ከሥሩ እስከ ጫፉ፣ በቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ፣ የተወጠረ የውሃ ክር አለ። አፈር ሲደርቅ ከታች የሚመጣው ይቀንሳል። አየር ሲሞቅ ደግሞ ከላይ የሚሳበው ይጨምራል፤ አየር በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር መያዝ የሚችለው እንፋሎት 7 በመቶ ያህል ከፍ ይላል። ሁለቱ አብረው ሲመጡ ክሩ ይበጠስና ቱቦው ውስጥ አየር ይገባል። የተቀደደ ስትሮ ያውቃሉ አይደል? ቢስቡ ቢስቡ አየር ብቻ ነው። ዛፉ ከዚህ ለማምለጥ የቅጠሉን ቀዳዳዎች ይዘጋል። ግን ምግቡን የሚሠራበት አየር የሚገባውም በዚያው ቀዳዳ ነው። ከጥም ሲሸሽ ረሃብ ይጠብቀዋል።

ግራር ቅጠሉ ደቃቅ፣ ሥሩ ጥልቅ ነው። ሲብስበት ቅጠሉን አራግፎ ይጠብቃል። ሐርዝን የሞላው፣ ቅጠሉ እንደ መርፌ የሆነው ፊሽተ ግን የብርድና የእርጥብ አገር ዛፍ ነው፤ ሥሩንም የሚዘረጋው ከላይ ከላይ ነው። በሐርዝ የነበሩት የማዕድን ጉድጓዶች እንጨት ይፈልጉ ስለነበር ሰው ለዘመናት ተክሎታል፣ ለእሱ በማይስማማው ዝቅተኛ ቦታ ጭምር።

የመጨረሻውን ምት የሰጠው ግን ጥንዚዛ ነው። ርዝመቱ 5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ጤነኛ ፊሽተ ቅርፊቱን ሲቦረቡርበት በሙጫ ያሰምጠዋል። የተጠማ ዛፍ ያን ሙጫ ከየት ያመጣል? በሞቃት ዓመት ጥንዚዛው እስከ ሦስት ትውልድ ይፈለፍላል። ዝናብ ሲመለስ እሱ በሚሊዮን ተራብቷል፣ የዛፉ ቱቦዎች በአየር ተደፍነዋል፣ ቀጫጭን ሥሮቹም ሞተዋል። ሞቱ ያልቆመው ለዚህ ነው። ከ2018 እስከ 2021 መጀመሪያ ጀርመን ግማሽ ሚሊዮን ሄክታር ያህል ደን አጥታለች።

«ግራሩ ምንም አይሆንም» ባሉት ላይ ግን አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ አንድ ጥናት 226 የዛፍ ዝርያዎችን አይቶ ነበር። 70 በመቶ ያህሉ የሚኖሩት የውሃ ክራቸው ሊበጠስ ጥቂት ሲቀረው ነው፤ የዝናብ አገር ዛፍም ሆነ የደረቅ አገር። አብዛኛው ለለመደው ውሃ ልክ ነው የተሠራው፤ ትርፍ የለውም። እኔ ይህን በዓይኔ ያየሁት ደስአ ጫካ ነው፣ ትግራይና አፋር የሚዋሰኑበት ገደል አፋፍ ላይ። ታች በኩል ጥዱ ቆሞ ደርቋል፣ ወይራውም እንደዚያው። ወደ ላይ፣ ቀዝቀዝ ወዳለው ስንወጣ አረንጓዴው ተመለሰ። መጥረቢያና ከብትም የየድርሻቸውን አድርሰዋል። ግን ጥድን የሚያህል ድርቅ ቻይ ዛፍ እንዲያ ሆኖ ሳየው ብዙ ደቂቃ ከቦታዬ አልተነቃነቅሁም።

ወደ ሊንደንዎ ልመለስ። በየቀኑ ጠብ ጠብ ማድረግ አይጠቅማትም፤ ሥሯን ወደ ላይ ያስለምደዋል። በድርቅ ጊዜ በሳምንት አንዴ፣ ማታ፣ ስምንት ወይም አስር ባልዲ ቀስ አድርገው ያስርጉላት። በነሐሴ ቅጠሏ ቢረግፍ ሞታለች ብለው አያስቆርጧት። ቅርንጫፏን በጥፍርዎ ጫር ያድርጉት፤ ከቅርፊቱ በታች አረንጓዴ ካዩ፣ እስከሚቀጥለው ግንቦት ይታገሷት።