ኢንተርኔቱ የነገራችሁ ስለየትኛው ደብረ ብርሃን ነው?

ልጆቼ፣

ደብረ ብርሃን ላይ ላይብረሪ ውስጥ ስሠራ ነው ያረጀሁት። ጡረታ ወጥቼም የሰፈሩ ልጆች አልተዉኝም። "ጋሼ፣ እስቲ ይቺን አሳይመንት እዩልኝ" እያሉ ይመጣሉ። እኔም መነጽሬን አድርጌ አያለሁ።

ኢንተርኔት ለምን ተጠቀማችሁ ብዬ አልቆጣም። እኛ አንዲት መጽሐፍ ለማንበብ ተራ እንጠብቅ ነበር። ዛሬ መሐል ሜዳ ወይም እነዋሪ ቁጭ ብሎ በስልኩ ያሻውን የሚያነብ ልጅ ያስቀናል እንጂ አያስወቅስም። የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ገጹ የሚያወራው ስለየትኛው ቦታ፣ ስለየትኛው ሰው፣ ስለየትኛው ዘመን እንደሆነ ሳታጣሩ ትገለብጣላችሁ።

መምህሩ "ስለ ደብረ ብርሃን ታሪክ ጽፋችሁ ኑ" ይላል እንበል። ልጁ ጎግል ላይ ይጽፋል። ጣሪያው በመላእክት ፊት የተሞላ ውብ ቤተ ክርስቲያን ይመጣለታል። ደስ ብሎት ፎቶውን ሽፋኑ ላይ ይለጥፈዋል። ያ ቤተ ክርስቲያን ግን ጎንደር ያለው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው፤ የተተከለውም በቀዳማዊ ኢያሱ ዘመን ነው። የኛን ከተማ የቆረቆሩት ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ከዚያ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ይቀድማሉ።

ዘርአ ያዕቆብ ብላችሁ ስትፈልጉም ተጠንቀቁ። በዚሁ ስም የሚጠራ፣ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ነው የሚባል ፈላስፋ አለ። ንጉሡ የነገሡት ደግሞ ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ፣ ከተማ የቆረቆረ ፈላስፋ ንጉሥ የፈጠረ ጽሑፍ አንብቤያለሁ። ደስ የሚል ሰው ነው፤ ችግሩ አልተወለደም።

"ሰሜን ሸዋ"ም ሁለት ነው። አንዱ ዞን አማራ ክልል ውስጥ ነው፣ ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን። ሌላው ኦሮሚያ ክልል ውስጥ ነው፣ ዋና ከተማው ፍቼ። የሕዝብ ብዛት ወይም የወረዳ ዝርዝር ከመገልበጣችሁ በፊት ክልሉን እዩ።

በጣም የሚያናድደኝ ግን የዓመተ ምሕረቱ ነገር ነው። ምኒልክ አንጎለላ ተወለዱ፤ እዚሁ አፍንጫችን ሥር። የእንግሊዝኛው ገጽ 1844 ይላል፤ በኛ 1836 ዓ.ም. ነው። ልጁ 1844ን ይወስድና "ዓ.ም." ብሎ ይቀጥልበታል። ቀጥሎ አድዋን ከአማርኛ ገጽ ወስዶ 1888 ዓ.ም. ይላል። እንግዲህ ቀንሱ። ምኒልክ አድዋ የዘመቱት በ52 ዓመታቸው ገደማ ሆኖ ሳለ በዚህ ሒሳብ 44 ይሆናሉ። ስምንት ዓመት በላናቸው! ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ አካባቢ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። ባገኛችሁት ዓመት ሁሉ ላይ "እ.ኤ.አ." ወይስ "ዓ.ም." የሚለውን እዚያው ጻፉ። በኋላ አስተካክላለሁ ያለ ልጅ ሲያስተካክል አላየሁም።

ከዊኪፔዲያ የገለበጠ ልጅ ደግሞ ወዲያው ይታወቃል። በቅንፍ ያሉት ትንንሽ ቁጥሮች ከነሰማያዊ ቀለማቸው ወረቀቱ ላይ ይቀራሉ። እኔ የምለው፣ ከገጹ ሁሉ ጠቃሚዎቹ እነዚያው ቁጥሮች ናቸው። ስትነኳቸው ጸሐፊው ወሬውን ከየት እንዳመጣው ያሳዩአችኋል፤ መጽሐፍ ይሁን ጋዜጣ ይሁን። ቁጥር የሌለበትን ዐረፍተ ነገር በጥርጣሬ እዩት። በአማርኛ ስትፈልጉ ደግሞ አንድ አጻጻፍ ላይ አትንጠልጠሉ። ምኒልክም ሚኒሊክም፣ ዐፄም አጼም ብላችሁ ሞክሩ። የሚመጣው ውጤት ይለያያል።

ቻትጂፒቲም መጥቷል። ጠይቁት፣ ግን ከላይ የነገርኳችሁን ሁለት ዘርአ ያዕቆቦች እሱም ሊቀላቅላቸው ይችላል፤ ሲቀላቅል ደግሞ ድምፁ አይንቀጠቀጥም። የከበደ ርዕስ እንዲያስረዳችሁ ብትጠቀሙበት ጥሩ ነው። ስምና ዓመት ከሰጣችሁ ግን ሌላ ቦታ ሳታዩ አትጻፉ። ኢንተርኔት ቤት ገብቶ ርዕሱን ብቻ ሰጥቶ የተጠረዘ አሳይመንት ይዞ ስለሚወጣው ልጅ ምንም አልልም። ገንዘቡ የቤተሰቡ ነው።

መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ ፓኬጁም ያልቃል፤ አውቃለሁ። ስለዚህ ኮኔክሽን ሲገኝ ገጹን ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት። ኪዊክስ የሚባል አፕ አለ፤ አንዴ ካወረዳችሁለት ዊኪፔዲያን ያለ ዳታ ያስነብባል።

አንዳንዱን ነገር ግን ከስልክ ይልቅ ከሰው ታገኙታላችሁ። የመንዝ ልጅ ስለ ጓሳ፣ የአገሩ ሰው ሲጠብቀው ስለኖረው የሣር መሬት፣ ጻፍ ቢባል ኢንተርኔቱ ስለ ቀይ ቀበሮና ስለ ጭላዳ ይነግረዋል፤ መልካም ነው። ሣሩ ለስንት ዓመት ታጥሮ እንደሚቆይ፣ ማጨድ የሚፈቀደው መቼ እንደነበር፣ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ያ ሥርዓት ምን እንደሆነ ግን አያቱን ይጠይቅ። ስለ ጓሳ የተጻፈው የእንግሊዝኛ ጥናትም ቢሆን እንደ አያቱ ካለ ሽማግሌ ተጠይቆ የተጻፈ ነው። አስፈቅዳችሁ በስልክ ቅዱ። የነገራችሁን ሰው ስም፣ ቀበሌውን፣ የጠየቃችሁበትን ቀን ከጽሑፉ ግርጌ አስፍሩ። ሁለት ሽማግሌ የተለያየ ነገር ከነገራችሁ ሁለቱንም ጻፉ እንጂ አታስታርቋቸው።