አተላው ሳይገባ ማየት

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ ጠላ እሸጣለሁ። ከበርሜል ወደ ጀሪካን የማወርደው በጥቁር ጎማ ነው። አተላው ሳላየው እየገባ ጠላውን ያደፈርስብኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ መላው ቀላል ነው። ጎማውን ከበርሜሉ አንድ ክንድ ራቅ አድርገው ይቁረጡት። መሃሉ ላይ አንድ ስንዝር ውስጡ የሚታይ፣ ለምግብ የሚሆን የፕላስቲክ ቱቦ ይቀጥሉበት። ቱቦው ጎማውን ጥብቅ አድርጎ የሚያለብስ ይሁን። ጫፎቹን ሙቅ ውሃ ውስጥ ቢነክሯቸው ለስልሰው ይገባሉ። ከዚያ በፋሸታ (በቱቦ ማጥበቂያ ቀለበት) ያጥብቁ።

ከቱቦው ጀርባ ነጭ ጨርቅ ያድርጉ። ጠላ ጠቆር ስለሚል ያለዚያ ድፍርሱ አይለይም። ሲደፈርስ ካዩ ጎማውን ወዲያው አጥፈው ይያዙት። አረፋ ካላቋረጠ መጋጠሚያው አየር እያስገባ ሊሆን ይችላል፤ እንደገና ያጥብቁ።

እኔ መጀመሪያ የጠርሙስ አንገት ቆርጬ ሞክሬ ነበር። ሙቅ ውሃ ሲነካው ተሰነጠቀ። እባክዎ መስታወት ይቅርብዎ። ቱቦውንም በተጠቀሙ ቁጥር ይጠቡት።