ካሜራውን ከማስከፈትሽ በፊት ገመዱን እዪው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አየሁት። የድሮውን ቪዲዮ ካሜራ በቢጫ፣ ነጭና ቀይ ገመድ ቲቪ ላይ ሰክተሽ ምስል እምቢ ብሎሻል፤ የሚያስጠላ ጩኸት ብቻ ነው የሚሰማው። ካሴቶቹንም በቪዲዮ ዴክ፣ ማለትም ትልቁን የቪዲዮ ካሴት በሚያጫውተውና በሚቀርጸው ማሽን፣ መገልበጥ ትፈልጊያለሽ። «ካሜራው ተበላሽቶ ይሆን?» ብለሻል። ከስር የመለሱልሽን ሰዎች አነበብኩ። ግማሹ «ጣይው፣ ጊዜው አልፎበታል» ይላል። ግማሹ «ጠጋኝ ጋ ውሰጂው» ይላል። ሁለቱንም እንዳትሰሚ። በተለይ ሁለተኛውን።

የአንቺና የእኔ ችግር ቁርጥ አንድ ነው። ስለዚህ በቅደም ተከተል ልንገርሽ።

1. ቲቪውን ለጊዜው ተዪው። የካሜራውን ትንሿን ስክሪን ክፈቺና ካሴቱን አጫውቺ። ምስሉ እዚያ ላይ ጥርት ብሎ ከታየ፣ ካሜራው ካሴት ያነባል ማለት ነው። ሄዱ (ካሴቱን የሚያነበው ክፍል) ይሠራል፣ ሞተሩ ይሠራል። የቀረው ከካሜራው መውጫ እስከ ቲቪው መግቢያ ያለው መንገድ ነው። ይህን አንድ ነገር ከያዝሽ ማንም አያሞኝሽም።

2. ገመዱ። ጉዱ ያለው እዚህ ነው። ካሜራው ውስጥ የሚገባውን ጫፍ ንቀዪና ብርሃን ላይ ያዢው። የጆሮ ማዳመጫ ጃክ የሚመስል ቀጭን ነገር ነው፣ ውፍረቱ 3.5 ሚሊሜትር። ሦስት ጥቁር ቀለበቶች ይታዩሻል። ቀለበቶቹ ብረቱን አራት ቦታ ይከፍሉታል። በአንዱ ምስሉ፣ በአንዱ የግራ ድምፅ፣ በአንዱ የቀኝ ድምፅ ያልፋል። አራተኛው ግራውንድ ነው፣ ሦስቱም የሚጋሩት መመለሻ መስመር። ሁለት ቀለበት ብቻ ካየሽ አብዛኛውን ጊዜ ተራ የድምፅ ገመድ ነው፣ ተመሳስሎ ተገዝቶ ነው።

ሦስት ቀለበት አለው ብለሽ ግን አትደሰቺ። በየትኛው ክፍል ምን እንደሚያልፍ አምራቾቹ አልተስማሙም። ገመዶቹ ከውጭ ሲታዩ መንታ ናቸው። ውስጣቸው ግን ለየቅል ነው። አንዱ ካሜራ ምስል የሚያወጣበት ቦታ በሌላው ገመድ ላይ ከቀዩ ጫፍ ጋር የተገናኘ ሊሆን ይችላል። ያኔ ምስሉ በቀዩ ይወጣል፣ ቲቪው ደግሞ ቀዩን «ድምፅ ነው» ብሎ ይቀበለዋል። ያ እንደ ንብ ቀፎ የሚንጫጫው ነገር ምን ይመስልሻል? ራሱ ምስሉ ነው፣ በስፒከር እየወጣ። ጩኸቱ ጥሩ ዜና ነው። ካሜራው ምስል እየላከ ነው።

አሁኑኑ ሞክሪው። የቲቪውን ድምፅ ዝቅ አድርጊ። ከቢጫው ቀዳዳ ቢጫውን ንቀዪና ቀዩን እዚያ ሰኪ። እምቢ ካለ ነጩን። ይቃጠላል ብለሽ አትፍሪ፤ በዚህ ገመድ የሚያልፈው የምስል ሲግናል 1 ቮልት ገደማ ነው። ምስሉ ሲመጣ የቀሩትን ሁለቱን ድምፅ ቀዳዳዎቹ ላይ ሰኪ፣ አለቀ። ሦስቱንም አቀያይረሽ ምንም ካልመጣ ግራውንዱም ቦታ ቀይሯል ማለት ሊሆን ይችላል። እሱን ማቀያየር አይፈታውም፣ ለሞዴሉ የተሠራውን ገመድ ፈልጊ።

እንግዲህ እኔ ይህን ማንም ሳይነግረኝ ነው ያወቅኩት። ልክ እንደ አንቺ ጩኸት ብቻ ሲሆንብኝ ካሜራውን ጠጋኝ ቤት ወሰድኩት። የተቀበለኝ ሰው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ገመዱንም ይዤ ነበር፤ «እሱን ተወው፣ ካሜራውን ብቻ» አለኝ። መርመሪያ ብሎ አስቀድሞ አስከፈለኝ። ከዚያ ቀጠሮ፣ ከቀጠሮው በኋላ ሌላ ቀጠሮ። በመጨረሻ «ቦርዱ ተቃጥሏል፣ ዕቃው አይገኝም» ብሎ ከፈገግታ ጋር መለሰልኝ። ቤት ገብቼ ሳየው ከታች አንድ ብሎን የለም። የካሴቱ በር ድሮ በአንድ ጣት ግፊት «ቀጭ» ብሎ ይዘጋ ነበር። አሁን በአንድ በኩል ከፍ ብሎ ቀርቷል፣ በአውራ ጣት ካልደገፉት አይዘጋም።

ያናደደኝ ግን በሩም አይደለም። ካሴት አስገብቼ ሳጫውተው በራሱ ስክሪን ላይ ኩልል ብሎ ይታያል! ቦርዱ የተቃጠለ ካሜራ እንዴት አድርጎ ነው ፊልም የሚያሳየው? በንዴት ተነስቼ ቲቪው ላይ ሰካሁት። ቀዩን ስነቅለው ጩኸቱ ጸጥ አለ። ቢጫው ቀዳዳ ውስጥ ስከተው ምስሉ ከች አለ። ተመልሼ ሄጄ ነገርኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ገመድ የእኛ ሥራ አይደለም።» ገንዘቡንም አልመለሰም፣ ብሎኑንም አልመለሰም። ዛሬ ዘመድ ወዳጁ ካሜራውን ተሸክሞ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። እኔ ደግሞ መጀመሪያ የምጠይቀው «ገመዱስ?» ብዬ ነው።

ስንት ላይ ነበርኩ? 3 መሰለኝ። ገመዱ ትክክል ሆኖም እምቢ የሚልበት ጊዜ አለ። ካሜራው ካሴት ማጫወቻው ላይ መሆን አለበት፤ ፕሌይ፣ ቪሲአር ወይም ቪቲአር ይላል። መቅረጫው ላይ ሆኖ ቲቪው አጠገብ ከተቀመጠ ማይኩ የቲቪውን ድምፅ እየሰማ ያፏጫል፣ ያ ሌላ ዓይነት ጩኸት ነው። አንዳንድ ካሜራ ላይ ደግሞ፣ ብዙ የካኖን ሞዴሎች እንዲህ ናቸው፣ ያቺው አንዷ ቀዳዳ ለጆሮ ማዳመጫም ለቪዲዮም ታገለግላለች። ሜኑው ውስጥ ገብተሽ ከጆሮ ማዳመጫ ወደ ኤቪ (የምስልና የድምፅ መስመር) ካልቀየርሻት ምስል አታወጣም። ይሄም ብዙ ሰው ጠጋኝ ቤት ልኳል።

ቲቪው ላይ ሶርስ ወይም ኢንፑት የሚለውን ተጫኚና ኤቪ ምረጪ። ቢጫ ቀዳዳ ካጣሽ አረንጓዴውን እዪው። አዳዲስ ቲቪዎች ላይ ብዙ ጊዜ ቢጫውና አረንጓዴው አንድ ቀዳዳ ይጋራሉ፣ ቢጫውን እዚያ ሰኪ። ኤችዲኤምአይ ብቻ ያለው ቲቪ ከሆነ ኮንቨርተር፣ ማለትም ሲግናል የሚቀይር ትንሽ ሳጥን፣ ያስፈልግሻል። ስትገዢ አቅጣጫውን አንብቢ፤ «ከኤቪ ወደ ኤችዲኤምአይ» የሚለው ነው። ሳጥኑ ያው ሆኖ ተቃራኒውን የሚሠራም አለ፣ እሱ ለአንቺ ምንም አይፈይድም። በአንድ ጫፉ ሦስት ቀለም በሌላው ኤችዲኤምአይ ሆኖ ኤሌክትሪክ የማይሰካ ባዶ ገመድ ካመጡልሽ አትግዢ። ሲግናሉን የሚቀይር ነገር ውስጡ የለም።

አሁን ወደ ዴኩ። ከካሜራው የመጣው ገመድ የሚገባው ዴኩ ላይ «ኢን» የሚለው ውስጥ ነው። ከዴኩ «አውት» ደግሞ ወደ ቲቪው። ስንቱ ሰው አውት ላይ ሰክቶ ያለቅሳል መሰለሽ። ከዚያ ዴኩን ራሱን ወደ መስመሩ መቀየር አለብሽ፤ ቲቪው ላይ ያደረግሽው ለዴኩ አይቆጠርም። በሪሞቱ ቻናል ወደ ታች እየቀነስሽ ሂጂ፣ ከመጀመሪያው ቻናል በታች ኤቪ ወይም ኤል 1 የሚል ይመጣል። ከፊት ለፊት ያሉት ቀዳዳዎች ብዙ ጊዜ ኤል 2 ወይም ኤቪ 2 ናቸው።

ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ከመጣ ወይም ከላይ ወደ ታች ከተንከባለለ አብዛኛውን ጊዜ የፓልና የኤንቲኤስሲ ጉዳይ ነው፤ አገሮች የሚለያዩባቸው ሁለት የቲቪ ምስል ዓይነቶች ናቸው። ፓል 625 መስመርና በሴኮንድ 25 ምስል ነው። ኤንቲኤስሲ 525 መስመርና 30 ገደማ። አሁን ያሉት ቲቪዎች አብዛኞቹ ሁለቱንም ያነባሉ፣ ዴክ ግን ብዙ ጊዜ በአንዱ ብቻ ነው የሚቀርጸው። ካሜራው ከሌላ አገር የመጣ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሪ።

ከመቅረጽሽ በፊት ደግሞ እባክሽ እባክሽ የካሜራውን ካሴት ቆልፊው። ጀርባው ላይ ትንሽ ተንሸራታች ነገር አለች። ሚኒ ዲቪ በሚባለው ትንሽ ካሴት ላይ «ሴቭ» ወደሚለው ትገፋለች፣ ባለ 8 ሚሊሜትሩ ላይ ቀዩ ክፍል እንዲታይ ትደረጋለች። አንዳንድ ካሜራ ገመዱ በሚሰካባት በዚያችው ቀዳዳ ምስል መቀበልም ይችላል። ዴኩ ላይ ሊጫኑ ያሰቡትን ሬክ (የመቅረጫውን ቁልፍ) ካሜራው ላይ ተጭነው ኦሪጅናሉን ያጠፉ ሰዎች አውቃለሁ።

ሌላው ዲስፕሌይ የሚለውን ተጭነሽ ቀኑንና ቆጣሪውን ከቲቪው ላይ አጥፊ። የምታዪው ጽሑፍ ሁሉ ቅጂው ላይ አብሮ ይታተማል፣ በኋላ አይነሳም። በባትሪም አትሥሪ፣ ቻርጀሩን ሰኪ፤ መሃል ላይ ሲጠፋብሽ እንደ አዲስ ነው የምትጀምሪው። ዴኩን ኤስፒ (መደበኛው የመቅረጫ ፍጥነት) ላይ አድርጊ። ዘገምተኞቹ ኤልፒና ኢፒ ካሴት ይቆጥባሉ፣ ምስሉን ግን ይገድሉታል። መጀመሪያ ዴኩ ላይ ሬክ፣ ትንሽ ቆይተሽ ካሜራው ላይ ፕሌይ።

ብቻ እውነቱን ልንገርሽ፣ ወደ ዴክ መገልበጡን እኔ አልወደውም። ካሜራሽ ሃይ ኤይት (ከባለ 8 ሚሊሜትሮቹ ጥራት ያለው ዓይነት) ከሆነ ወደ 400 መስመር ጥራት ያወጣል፤ ይሄ መስመር ወደ ጎን የሚቆጠር የጥራት መለኪያ ነው፣ ከፓሉ 625 ጋር አታምታቺው። ቪኤችኤስ፣ ማለትም የዴኩ ትልቅ ካሴት፣ የሚይዘው 240 ገደማ ነው። እያወቅሽ ታደበዝዢዋለሽ ማለት ነው። ዴክም አልቋል፤ የመጨረሻው አምራች የነበረው የጃፓኑ ፉናይ እ.ኤ.አ. በ2016 ማምረት አቁሟል። ያንኑ ባለ ሦስት ቀለም ገመድ ዩኤስቢ ካፕቸር በሚባል ትንሽ ዕቃ ላይ ሰክተሽ ኮምፒውተር ላይ ብታስቀሪው ይሻልሻል። ካሴትሽ ቪኤችኤስ ሲ፣ ማለትም ትንሿ ቪኤችኤስ፣ ከሆነ ግን ገመድም አያስፈልግሽም። በአዳፕተር ካሴት ውስጥ ሆና ቀጥታ ዴክ ውስጥ ትገባለች። ባለ 8 ሚሊሜትሩን በዚህ መንገድ እንሠራልሻለን የሚሉሽን እንዳታምኚ፣ እንዲህ ያለ አዳፕተር የለም።

ቀይና ቢጫውን ቀያይረሽ ምን እንዳየሽ እዚሁ ስር ጻፊልኝ። ካልሠራ የካሜራውን ሞዴልና የጃኩን ጫፍ ፎቶ ለጥፊ፣ ቀለበቶቹ እንዲታዩ ቀረብ ብለሽ አንሺው።